ታፓስ በያይነቱ አይደለም፤ የመጠጥ ቁርስ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የመዝናኛ ገጽ ላይ ስለ ስፔን የታፓስ ምግብ ቤቶች የወጣውን ጽሑፍ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው በአውሮፓ ጉዟቸው ወዳጆቻቸው ታፓስ ቤት ጋብዘዋቸው፣ አራት ሆነው አንድ ጠረጴዛ ከብበው ከተቀመጡ በኋላ፣ የስኒ ማስቀመጫ በምታክል ሳህን እየተቆነጠረ የሚመጣውን ምግብ ሲጠባበቁ አምሽተው፣ የሂሳቡን ወረቀት ሲያዩ ደንግጠው፣ ሆዳቸውም ሳይሞላ እንደ ወጡ በጨዋታ አዋዝተው ነግረውናል። ስቄአለሁ፤ አጻጻፋቸውም ደስ ይላል። ነገር ግን ታፓስን ለአንባቢ ሲያስተዋውቁ «የስፔን በያይነቱ» ብለው የሰጡት ስም፣ ከእንጀራችን ጋር ስላዛመደልን ቢጥምም፣ ነገሩን ከሥሩ ያሳተው መሰለኝ። ቅሬታቸውም የመነጨው ከዚሁ ስም ነውና ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በማድሪድ ከተማ መኖር ከጀመርሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ዓመት ያሳለፍሁት በአንድ የሰፈር ባር ማድቤት ውስጥ፣ መጀመሪያ ሳህን በማጠብ፣ ኋላም ድንች በመላጥና በመጥበስ ነው። ስለዚህ የምናገረው በእንግድነት ከጠረጴዛ ያየሁትን ሳይሆን ከጓዳ የማውቀውን ነው።

በያይነቱ ሙሉ ምግብ ነው። መሠረቱ እንጀራ ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና አልጫው የሚደረደሩት ለእንጀራው ሲባል ነው፤ አንድ በያይነቱ ያዘዘ ሰው ምሳውን በልቷል። ታፓ ግን ለራሱ የቆመ ምግብ አይደለም። መሠረቱ መጠጡ ነው፤ ምግቡ የሚመጣው መጠጡን አጅቦ ነው። በእኛ ዘንድ ትክክለኛ አቻው የቡና ቁርስ ነው። ቡና ተፈልቶ ቆሎው፣ ፈንዲሻው ወይም ንፍሮው ሲቀርብ «ይህ ቆሎ እኮ አያጠግብም» ብሎ የሚያማርር እንግዳ አላየሁም፤ የተጠራው ለቡናውና ለጨዋታው እንደ ሆነ ያውቃልና። የቆሎው ሥራ ባዶ ሆድን ከቡናው ጋር ማስታረቅና ጨዋታውን እስከ በረካ ማድረስ ነው። ታፓም እንዲሁ የመጠጥ ቁርስ ነው። ቆሎ ዘግኖ ሊጠግብ ለተቀመጠ ሰው ቢርበው አያስደንቅም፤ ቆሎው ደግሞ በዘገን ተቆጥሮ የሚከፈልበት ከሆነ ሂሳቡ ቢያስደነግጠው ይበልጥ አያስደንቅም።

ቃሉ ራሱ ይህን ይመሰክራል። «ታፓ» በስፔንኛ ክዳን ማለት ነው። ስለ አመጣጡ አገሬው የሚያወራው ተረት ብዙ ነው፤ አንዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ፣ ሰው በባዶ ሆዱ ጠጥቶ እንዳይሰክር፣ የወይን ጠጅ ያለ ጥቂት ምግብ እንዳይቀርብ አዘዘ ይላል። ሌላው ደግሞ ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ በካዲስ ባሕር ዳርቻ ሲጠጡ ነፋሱ አሸዋ እንዳይጨምርባቸው አሳላፊው ብርጭቋቸውን በሥጋ ቁራጭ ከደነላቸው ይላል። ሁለቱንም ለማመን እቸገራለሁ፤ ዝንብ በበዛበት አገር ብርጭቆን በቁራሽ ዳቦ ለመክደን የንጉሥ ትእዛዝ አያስፈልግም። (የእኛ ብርሌ አንገቱ ጠባብ ባይሆን ኖሮ እኛም ሳንጀምረው አንቀርም ነበር።) ተረቶቹ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ብርጭቆው ይቀድማል፣ ቁራሹ ይከተላል።

በግራናዳ፣ በአልሜሪያ፣ በሃኤን፣ በሰሜን ደግሞ በሌዮን ከተማ ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ሳይበረዝ አለ። አንድ ብርጭቆ ድራፍት ወይም ወይን ያዘዘ ሰው ምግቡን ሳያዝ፣ ሳይጠየቅም፣ ተጨማሪም ሳይከፍል አንድ ታፓ ከመጠጡ ጋር ይቀርብለታል፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ይመጣለታል። በግራናዳ የሚደርስህን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ማድቤቱ ነው። በማድሪድ ደግሞ ከመጠጡ ጋር የሚመጣው ጥቂት የወይራ ፍሬ ወይም የድንች ጥብስ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የበለጠ የፈለገ ይከፍላል። በባስክ አገር፣ በተለይም በሳን ሴባስቲያን፣ ቁራሽ ዳቦ ላይ የተሰካካው ምግብ ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል፤ በአንዳንድ ቤቶች ሂሳቡ የሚሠራው ሳህን ላይ የቀሩትን ስቴኪኒዎች በመቁጠር ነው። መጀመሪያ ሳየው ስቴኪኒውን ኪሱ የሚከት ሰው አይጠፋም ብዬ ነበር፤ አስተናጋጁ ግን ዓይኑ ከሰው ላይ አይነሣም።

ጸሐፊው ያልተነገራቸው ዋናው ነገር ግን መንቀሳቀሱ ነው። ስፔናውያን ታፓስ «እንበላለን» ከማለት ይልቅ ታፓስ «እንሄዳለን» ይላሉ። ሦስት አራት ሆነው ይነሡና አንድ ቤት ገብተው ባንኮኒውን ተደግፈው፣ ቆመው፣ አንዲት ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ ቤቱ የታወቀበትን አንድ ነገር ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ከፍለው ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራሉ። የመጀመሪያውን ዙር አንዱ ከከፈለ ሁለተኛውን ሌላው ይከፍላል። እዚህ ላይ በሂሳብ መጣላት እኛ ብቻ የያዝነው ሙያ እንዳልሆነ ተምሬአለሁ። «ካኛ» የሚሏት የድራፍት ብርጭቆ ትንሽ የሆነችውም ለዚሁ ነው፤ የእኛን ጃምቦ ይዞ አራት ቤት የሚዞር ሰው አምስተኛው ጋ በእግሩ አይደርስም።

ለመንቀሳቀሱ ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱ ቤት የሚመካበት አንድ ነገር አለ። በማድሪድ መሐል፣ ከፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ካሳ ላብራ በ1860 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ ሰው ደጁ ላይ የሚሰለፈው በጨው ደርቆ፣ ኋላም ተዘፍዝፎና በሊጥ ተለውሶ ለሚጠበሰው የባካላው ዓሣ ነው። የስፔን ሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ በ1879 የተመሠረተውም በዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ ባንኮኒ ለጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ማስረጃ ይሁነን። በሎግሮኞ ከተማ ካዬ ላውሬል በሚባለው ጠባብ መንገድ ደግሞ ከዳቦ ቁራጭ ላይ ሦስት እንጉዳይ ደራርቦ ነጭ ሽንኩርት በገባበት ዘይት እያርከፈከፈ፣ ከእርሱ ሌላ እምብዛም ነገር ሳይሸጥ የሚውል ቤት አለ። በሴቪያ ኤል ሪንኮንሲዮ የተባለው፣ ከ1670 ጀምሮ ያለ ቤት፣ አሳላፊው የደንበኛውን ሂሳብ በጠመኔ በእንጨቱ ባንኮኒ ላይ ይጽፋል፤ ደንበኛው ሲከፍል በጨርቅ ይጠርገዋል። እያንዳንዷ ትንሽ ነገር ከነዋጋዋ ዓይንህ ሥር ስለምትጻፍ የሚያስደነግጥህ ወረቀት የለም። ጸሐፊው የተቀመጡበት ቤት፣ እርሳቸው እንደ ነገሩን፣ ስድሳ ያህል የታፓስ ዓይነት የተዘረዘረበት ሜኑ ነበረው። እኔ ማድቤት የሠራሁ ሰው ነኝና እላለሁ፦ ስድሳውንም በየዕለቱ ትኩስ አድርጎ የሚሠራ ጓዳ አላየሁም፤ አብዛኛው ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ነው።

የሰዓቱም ነገር አለ። ስፔናዊ ምሳውን የሚበላው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ እራቱን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ በበጋ 4 ሰዓትም ይሆናል። መዘግየቱ በከፊል የሰዓቱ ጥፋት ነው፤ አገሪቱ በ1940 እ.ኤ.አ. በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን ሰዓቷን ወደ መካከለኛው አውሮፓ አቆጣጠር ከቀየረች ወዲህ ፀሐይና ሰዓቱ አልተገናኙም። (በፀሐይ መውጫ ለምንቆጥር ሰዎች ይህ ግራ የሚያጋባ ነው።) በምሳና በእራት መካከል ያለውን ረጅም ክፍተት፣ እንዲሁም ከምሳ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት የሚሞላው ታፓ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ምሳ ሳይበሉ፣ እራታቸው እንዲሆን አስበው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ታፓስ ቤት መግባታቸው፣ ቡና ቁርስ ላይ ደርሶ ድግስ እንደ መጠበቅ ነው። በዚያ ሰዓት እኛ ጓዳ ውስጥ ገና ድንች እየላጥን ነበር።

ድንቹን ካነሣሁ ስለ ቶርቲያ ልናገር፤ ከምሠራው ሁሉ የምወደው እርሱ ነበርና። ድንቹ በስሱ ተከትፎ በብዙ የወይራ ዘይት ውስጥ፣ እንዲለሰልስ እንጂ እንዲጠበስ ሳይሆን፣ በለዘብታ እሳት ይበስላል፤ ዘይቱ ይጠለላል፤ ድንቹ ከተመታ እንቁላል ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ያርፍና መጥበሻ ላይ ይመለሳል። ከዚያ በሳህን ከድኖ መገልበጥ ነው፤ ሦስት ሳምንት እጄን አቃጥዬ ነው የተማርሁት። ሽንኩርት ይግባ አይግባ በሚለው አገሬው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል። ክሮኬታም እንዲሁ የቁጠባ ልጅ ነው፤ ከትናንት ቅቅል የተረፈ ዶሮ ወይም ሥጋ ደቅቆ በወተትና በዱቄት ተገንፍቶ፣ አድሮ፣ በእጅ ተድቦልቡሎ፣ በደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ይጠበሳል። ያደረ እንጀራን ፍርፍር ያደረገች እናት ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻትም። እንዲህ ያለው ምግብ ውድ ሊሆን አይገባውም፤ በብዙ የሰፈር ባሮችም ውድ አይደለም። እኔ በምኖርበት ሰፈር አንዲት ካኛ ከ2 እስከ 3 ዩሮ ትሸጣለች፤ ከእርሷ ጋር አንድ ነገር ሳይመጣ አይቀርም።

የሰው ዘር ሁሉ ቅመም ይችላል ብለን እንዳንታለል አንድ ነገር ልጨምር። «ፓታታስ ብራባስ» በሚያቃጥል ስጎ የሚቀርብ የድንች ጥብስ ነው፤ ትርጓሜውም ቁጡ ድንች ማለት ነው። ለበርበሬ ልጅ ቁጣው አይታየውም።

አሁን ለአንባቢዎቻችሁ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል ወደምለው ልሂድ፤ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታልና። «ጾመኛ ከሆኑ አይግቡ፤ ሁሉም አሳማ ነው» ብለዋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። «ሃሞን» የሚሉት በጨው የደረቀ የአሳማ ወርች ከጣሪያ ተንጠልጥሎ የማይታይበት ባር ጥቂት ነው፤ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ የማይታየው ነው። ሳልሞሬሆ የተባለው የኮርዶባ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ላዩ ላይ ሃሞንና እንቁላል ይበተንበታል፤ ፎሶሊያው በሃሞን ይጠበሳል፤ ሽምብራው ውስጥ ቋሊማ ይገኛል። አስተናጋጁን «ሥጋ የለበትም?» ብለህ ስትጠይቀው በቅንነት «የለበትም» ይልሃል፤ ለእርሱ ሥጋ ማለት ቁርጥ ሥጋ ነው፤ ሃሞን ሌላ ነገር ነው፤ ቱና ዓሣማ ጭራሽ አይቆጠርም። ስለዚህ አጠያየቁ በስም ነው፦ ሃሞን አለበት? ቋሊማ አለበት? ዓሣ አለበት? እንቁላል አለበት? ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ በዚህ ተታልያለሁ።

ሃሞን እንዲህ በሁሉም ነገር ውስጥ መግባቱ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1492 እ.ኤ.አ. የሙስሊሞች የመጨረሻ ግዛት የነበረችው ግራናዳ በካቶሊክ ነገሥታት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ አይሁድ በዚያው ዓመት፣ የካስቲያ ሙስሊሞች ደግሞ በ1502፣ ተጠመቁ ወይም አገር ልቀቁ ተባሉ። ተጠምቀው የቀሩትም ከጥርጣሬ አልዳኑም፤ አሳማ አለመብላት መናፍቃንን በሚመረምረው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት፣ በኢንኲዚሲዮን ፊት እንደ ማስረጃ የሚቀርብበት ዘመን ነበር። በአደባባይ አሳማ መብላት የእምነት ምስክር ወረቀት በሆነበት አገር ወርቹ በየመጠጥ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ምን ይገርማል? ሆኖም የተባረሩት ሰዎች ማድቤት አልተባረረም። ስፔኖች ዘይትን «አሴይቴ»፣ ሩዝን «አሮስ»፣ ስኳርን «አሱካር» ይላሉ፤ ሦስቱም በአረብኛ በኩል የገቡ ናቸውና ያለ አስተርጓሚ ይገቡናል። በሴቪያ ባሮች በትንሽ ሸክላ የሚቀርበው ሽምብራ በስፒናች፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ያለበት፣ በተጠበሰ ዳቦ የተወፈረ፣ ለጾመኛ አፍ እንግዳ ያልሆነ ምግብ ነው፤ እነርሱም በዐቢይ ጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሽምብራ በስፒናች ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ባካላው ዓሣ ይጨምሩበታል።

እንግዲህ በጾም ቀን ምን ይበላል? የወይራ ፍሬ፤ በቲማቲምና በወይራ ዘይት የታሸ ዳቦ፤ ከቲማቲም፣ ከኪያር፣ ከቃሪያና ከአቼቶ የሚሠራው ጋስፓቾ፤ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ እንጉዳይ (ሃሞን እንዳይነሰነስበት አስጠንቅቆ)፤ የጋሊሲያው ፓድሮን ቃሪያ፣ ከአሥሩ አንዱ የሚያቃጥለው፣ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ የማይታወቀው። ይህን ቃሪያ ሲበሉ ስፔናውያን ይሳቀቃሉ፤ እኛ ደግሞ የሚያቃጥለውን እየፈለግን እንበላለን። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ የማይበላ ሰው ኦክቶፐሱን፣ ሽሪምፑንና ካላማሪውን ያልፋል። መጠጥ የማይጠጣም ቢሆን ከባንኮኒው አይገለልም፤ «ሞስቶ» የሚባል ያልፈላ የወይን ጭማቂ በብዙ ባሮች አለ፤ እርሱንም ላዘዘ ታፓው አይከለከልም። ሙስሊም ወዳጆቼ የሚያዝዙት ይህንኑ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ስሕተቱ የጸሐፊው ብቻ እንዳልሆነ ልመስክር። ታፓስ ከስፔን ሲወጣ በመንገድ ላይ ባሕርዩን ለውጧል። ከአንባቢዎቻችሁ ብዙዎቹ በሚኖሩባት በዋሽንግተን፣ ስፔን የተወለደው ባለሙያ ሆሴ አንድሬስ የሚሠራበት ሃሌዎ የተባለ ታፓስ ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ አሜሪካውያንን ትንንሽ ሳህን ተካፍሎ መብላትን አለማመደ። የእኛ ወገኖች በዚያው ከተማ ከአንድ ትሪ በእጅ መብላትን አስቀድመው አስተምረው ነበርና መሬቱ ለስልሶ የጠበቀው ይመስለኛል። ነገር ግን አገሩ የሚዞርበት፣ ባንኮኒ ተደግፎ የሚቆምበት፣ ከቤት ወደ ቤት በእግር የሚሻገርበት አገር አይደለም፤ ስለዚህ በብዙ የውጭ ከተሞች ያለው «ታፓስ ቤት» የመንገዱን ሁሉ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቦ፣ ሰውን አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ በሙሉ ምግብ ዋጋ አቅራቢያ የሚሸጥ ሬስቶራንት ሆነ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ጥሩ የሚያበስሉ አሉ። ነውሩ ስሙን ሳይቀይሩ ዋጋውን መቀየር ነው። ማድሪድም ከዚህ ንጹሕ አይደለችም፤ ስሙን በማልጠቅሰው፣ ቱሪስት በሚበዛበት አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ ቤት፣ እኅቴን ከአዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ወስጃት፣ ያላዘዝነው ዳቦ ተከፈለበት፣ በረንዳ ላይ ስለ ተቀመጥንም በየሳህኑ ተጨመረብን። የአሥራ አራት ዓመት ነዋሪ ነኝ ባይ እንዲህ ከሆንሁ፣ ለአንድ ሌሊት የገባ እንግዳ ምን ያድርግ?

የሚያደርገው ይህ ነው። እውነተኛ ራብ ካለው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ «ሜኑ ዴል ዲያ» ወደሚል ቤት ይግባ፤ አንደኛ ምግብ፣ ሁለተኛ ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥና ማጣጣሚያ በአንድ የተቆረጠ ዋጋ ያገኛል፤ ሠራተኛው ሕዝብ የሚበላው እርሱን ነው። ተቀምጦ ተካፍሎ መብላት ከፈለገ ታፓ ሳይሆን «ራሲዮን»፣ ማለትም የዚያኑ ምግብ ትልቅ ሳህን፣ ብሎ ይዘዝ፤ ለአራት ሰው ሦስት ራሲዮን ከአሥር ታፓ ይልቅ ያጠግባል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ከበዛ ግማሽ ራሲዮን አለ። ዋጋው በባንኮኒ፣ በጠረጴዛና በበረንዳ ይለያይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሂሳቡን ራሱ ይጥራ፤ ሳይጠሩት ሂሳብ ይዞ መምጣት እንግዳን ማባረር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ጸሐፊው «ረስተውን አንድ ሰዓት አስቀመጡን» ያሉት ክብር እንጂ ቸልታ አልነበረም። ጉርሻውንም በተመለከተ ጥቂት ሳንቲም መተው ይበቃል፤ በአሜሪካ እንደ ተለመደው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚጠብቅ የለም።

ክቡር አዘጋጅ፣ በጋዜጣችሁ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ስለ ታፓስ ሲጻፍ «የመጠጥ ቁርስ» የሚለው አማርኛ እንዲታሰብበት እጠይቃለሁ። ጸሐፊውም ወደ ማድሪድ ብቅ ካሉ፣ እሑድ የኤል ራስትሮ ገበያ ሳይበተን፣ በ7 ሰዓት ገደማ ላ ላቲና በሚባለው ሰፈር ባንኮኒ ተደግፌ አገኛቸዋለሁ። ምሳቸውን ከዚያ በኋላ እንዲበሉ እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው ዙር በእኔ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከማድሪድ